አይዝጌውም ይዝጋል



ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። እኛ ሰፈር፣ መካኒሳ አቦ፣ የቅበላው ሽር ጉድ ከወዲሁ ተጀምሯል። የልኳንዳ ቤቶቹ ደጃፍ ሰው በዝቶበታል፤ ማታ ማታ ከየግቢው የከሰል ጭስና የጥብስ ሽታ ይወጣል። ሰኞ ጠዋት ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። ድስቱ ይፈገፈጋል፣ መክተፊያው በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ቅቤና ሥጋ የነካው ዕቃ ሁሉ ተለይቶ ይቀመጣል። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ለጾሙ ብለው ነው። እኔ ደግሞ በሙያዬ ዓይን ሳየው ካሉን ጥሩ የንጽሕና ልማዶች አንዱ ነው እላለሁ።

በዚህ ሁሉ መሐል ግን አንድ ዕቃ ይረሳል፤ በረንዳ ጥግ የቆመው የሥጋ መጥበሻ ግሪል። ሞራው በፍርግርጉ ላይ እንደረጋ፣ አመዱ ከሥሩ እንደተከመረ፣ 55 ቀን ሙሉ ይቀመጣል። ለፋሲካ ሲከፈት ፍርግርጉ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ ሞራው ሸትቷል፣ አንዳንዴም አይጥ ጎብኝቶታል። ከዚያ የቤቱ አባወራ የሽቦ ብሩሽ ያነሣና መፈግፈግ ይጀምራል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ዕቃ ነው።

«ነርስ ስለ ግሪል ምን አገባት?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። አንደኛ፣ ነገሩ ከጉሮሮና ከአንጀት ጋር ይገናኛል። ሁለተኛ፣ በዚህ ዕቃ ምክንያት በቤቴ ውስጥ ሰው በድዬአለሁና ሳልናገረው ጾሙ እንዲገባ አልፈለግሁም።

ግሪሉን ያመጣልን የልጄ ባል ነው። ባለፈው የመስቀል ሰሞን ከመርካቶ ገዝቶ መጣና በረንዳው ላይ አቆመው። «እማማ፣ ይሄ እንደዚያኛው አይደለም፤ አይዝጌ ነው። ዕድሜ ልክዎን ያገለግልዎታል» አለኝ። እውነትም ያምር ነበር። ፍርግርጉ ፊት ያሳያል። ከዚያ በፊት የነበረን በሰፈር ብየዳ ቤት ከፌሮ ብረት የተሠራ ነበርና አዲሱን ስናየው እንደ ሠርግ ዕቃ ነው የተንከባከብነው።

ጥቅምት ላይ፣ አቦ በተከበረ ሰሞን በነበረው እሑድ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ዝልዝል ተጠበሰበት። ማታ እንግዳው ሲሄድ ፍርግርጉን አየሁት። ሞራና ደም ተጋግሮበታል። ጥሬ ሥጋ የነካው ዕቃ ሳይ የሆስፒታል ልማዴ ይነሣብኛል። ሳፋ አመጣሁ፣ ውሃ ሞላሁ፣ በረኪናውን ሳልለካ አንቆረቆርኩበት፣ ፍርግርጉን ነክሬ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ ስለነበር በአንድ ጆግ ውሃ ለቅለቅ አደረግሁትና በረንዳው ላይ አቆምኩት። ዕቃውን ያከምኩት መስሎኝ ነበር።

ሦስት ቀን አልሞላውም፣ ፍርግርጉ በብርቱካን መልክ ነጠብጣብ ተሸፈነ። በጨርቅ ብጠርገው ነጠብጣቡ ይለቃል፤ ከሥሩ ግን በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስል ትንንሽ ጉድጓድ አለ።

ቤት የምታግዘኝን ልጅ ጠራኋት። «አንቺ ልጅ፣ ዝናብ ላይ አሳድረሽው ነው አይደል?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ አልነካሁትም። ያጠቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እኔ ይህን እንደ መልስ መመላለስ ቆጠርኩት። ሁለት ቀን ያህል ፊት ነሣኋት። የልጄ ባል ደግሞ ሲመጣ አየውና «ሻጩ ነው ያታለለኝ፤ አይዝጌ ብሎ ሌላ ብረት ሸጦልኛል» ብሎ መርካቶ ሄዶ ሊጣላ ተነሣ። በአንድ ፍርግርግ ምክንያት ሁለት ሰው ተወነጀለ። ያጠፋው ሦስተኛ ሰው ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይፈርድ ነበር።

ነገሩ የበራልኝ ሌሊት ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ የድሮ ትሪ ትዝ አለኝ። ኤችአይቪ በአገራችን ከተሰማ በኋላ፣ ያገለገለ የሕክምና መሣሪያ ሁሉ ከመታጠቡ በፊት 0.5 በመቶ በሆነ የበረኪና ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ እንዲዘፈዘፍ ተደርጎ ነበር። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ካላችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ማለት ነው። አለቃችን የነበረችው ሲስተር ሰዓቷን እያየች ትቆም ነበር። «10 ደቂቃ ካልሞላ ጀርሙ አይሞትም፤ 10 ደቂቃ ካለፈ ብረቱ ይሞታል» ትለን ነበር። አንድ ዓርብ ማታ አንድ ትሪ ፎርሴፕስና መቀስ በረኪናው ውስጥ ተረስቶ ሰኞ ተገኘ። ያ ሁሉ የሚያበራ መሣሪያ ተበሳስቶና ዝጎ ነበር። መቀሶቹ መከፈት አቅቷቸው ተጣሉ። የዘፈዘፍኩት እኔ ነበርኩ፤ እንባዬ እስኪመጣ ተቆጥተውኛል። ያንን ትምህርት ነው እንግዲህ ከስንት ዓመት በኋላ በገዛ በረንዳዬ ላይ የረሳሁት።

የብረቱ ቆዳ

«አይዝጌ» የሚለው ስም ትንሽ ያታልላል። ስቴንለስ ስቲል የማይዝግ ብረት ሳይሆን፣ ዝገትን የሚከላከል ቆዳ ያለው ብረት ነው። ውስጡ ከተራው ብረት ጋር ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ተቀላቅሏል፤ መጠኑ ቢያንስ 10.5 በመቶ መሆን አለበት። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ፣ እጅግ የሳሳ ሽፋን በብረቱ ላይ ያበጃል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ያ ሽፋን ነው። ደግነቱ ደግሞ፣ ሲጫር ንጹሕ አየር ካገኘ ራሱን በራሱ ይጠግናል። እንደኛ ቆዳ ማለት ነው፤ ትንሽ ጭረት ይድናል፣ ቁስሉ ላይ ጨው ሲነሰነስበት ግን ያመረቅዛል።

ይህን ብረት በማግኘት ስማቸው በብዛት የሚነሣው ሃሪ ብሬርሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሼፊልድ በተባለችው የብረት ከተማ ይፈልጉ የነበረው ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ነበር። ያገኙት ብረት ግን ይበልጥ የጠቀመው ለማዕድ ቢላዋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሆስፒታሉም ወደ ማድ ቤቱም ገባ። ስለዚህ በእጄ ስይዘው የኖርኩት ፎርሴፕስና በረንዳዬ ላይ ያለው ፍርግርግ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጠላታቸውም አንድ ነው።

ጠላታቸው ክሎራይድ ይባላል። በገበታ ጨው ውስጥ አለ፤ በበረኪና ውስጥ ደግሞ ከነግብረ አበሩ ከክሎሪን ጋር አለ። ሽፋኑን በአንዲት ነጥብ ላይ ይበሳና ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ያየኋቸው የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጉድጓዶች የዚያ ሥራ ናቸው። እንግዲህ ሥጋችን በጨው፣ በአዋዜና በሚጥሚጣ ታሽቶ ይጠበሳል፤ ላዩ ላይ ሎሚ ይጨመቅበታል። ጨዉ ሲጠበስ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ጨዋማው ፍርፋሪ በርጥበት ላይ ቀናትና ሳምንታት ሲቀመጥ ነው። 55 ቀን ሲቀመጥማ አስቡት።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምር። ከጥቂት ጊዜ አገልግሎት በኋላ ፍርግርጉ ወርቃማ፣ ቡናማ ወይም ሰማያዊ መልክ ቢያወጣ ዝገት አይደለም። ሙቀቱ ሽፋኑን ስላወፈረው የመጣ ቀለም ነው። ለጤና አይጎዳም። እሱን ለማስለቀቅ ብላችሁ አትፈግፍጉት። ዝገት ማለት በጣት ሲነካ ዱቄቱ የሚለቅ፣ ብርቱካን የሚመስለው ነው።

ሲገዛ

ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ ነው የሚሄደው። ማግኔት ካልያዘው ጥሩ ነው፣ ከያዘው ተራ ብረት ነው ይላል። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። 304 የሚባለው ዓይነት፣ ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማግኔት አይያዝም፤ ለግሪል የሚመረጠውም እሱ ነው። 430 የሚባለው ኒኬል የሌለበት በመሆኑ ማግኔት ይይዘዋል፤ ግን እውነተኛ ስቴንለስ ነው፣ ጥቂት ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ። በሌላ በኩል 201 የሚባለው ማግኔት ላይይዘው ይችላል፤ የኒኬሉ ከፊል በማንጋኒዝ ስለተተካ ግን ከ304 ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ በማግኔት ብቻ አትፍረዱ። ዕቃው ላይ 304 ወይም 18/8 የሚል ማኅተም ካለ እዩ፤ ዘንጎቹም ወፍራም መሆናቸውን በእጃችሁ መዝኑ።

አንድ አደገኛ ልማድም ላንሣ። የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያ አውጥቶ በከሰል ላይ ሥጋ መጥበሻ የሚያደርግ አለ። ፍርግርግ መምሰሉ አያታልላችሁ። የድሮ ፍሪጆች መደርደሪያ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት የተለበጠ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል። ዚንክ የተለበጠ የአጥር ሽቦም እንዲሁ ለእሳትና ለምግብ አይሆንም። ለዚህስ በብየዳ ቤት የተሠራው ያልተቀባ ተራ ብረት ይሻላል፤ ዘይት እየቀቡ መያዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አስተጣጠቡ

ፍርግርጉ የሚጸዳበት ምርጥ ሰዓት ሥጋው ከወጣ በኋላ፣ ገና ትኩስ እያለ ነው። የበሬ ሞራ የሚቀልጠው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። በትኩሱ ጊዜ በአንድ ማንሸራተት የሚለቀው፣ ከረጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያስፈገፍጋል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣልን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ክፈሉ። ግማሹን በረጅም ሹካ ወግታችሁ የተቆረጠውን ፊት በትኩሱ ፍርግርግ ላይ እየጫናችሁ ከዳር እስከ ዳር አሹት። የሽንኩርቱ ውሃ እንፋሎት ይሆንና የተጋገረውን ያስለቅቀዋል። የቀረውን በእንጨት መፋቂያ ፋቁት። መፋቂያው ከጠንካራ እንጨት፣ ለምሳሌ ከወይራ፣ አናጢ የሚሠራው ጠፍጣፋ እጀታ ያለው ሰሌዳ ነው። ትኩሱ ፍርግርግ ላይ ጥቂት ጊዜ ሲንሸራተት ጫፉ በዘንጎቹ ልክ ይቦረቦራል፤ ከዚያ በኋላ ልክ እንደ ማበጠሪያ ይገባል። ብረቱን አይጭርም፣ ፍንካች ቢወድቅም እንጨት ነው። እጃችሁን ከእሳቱ የሚያርቅ ረጅም እጀታ እንዲሠራላችሁ ንገሩት።

ሲበርድ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በስፖንጅ እጠቡት። የተጣበቀ ከቀረ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ ቀቡትና ሩብ ሰዓት ተዉት፤ ከዚያ በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ አሹት። በአግድም ማሸት ጭረቱን ያበዛል፣ ጭረት ውስጥ ደግሞ ጨውና ሞራ ይደበቃል። አያቶቻችን ዕቃ በአመድ ያጥቡ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ትክክል ነበሩ። የእንጨት አመድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቅባትን የሚቆርጥ ኃይል አለው። ዛሬም ይሠራል፤ በወንፊት የተነፋና አሸዋ የሌለበት ይሁን እንጂ። እጅ ስለሚያቃጥል ጓንት አድርጉ።

ዝገት ከታየ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ በጨርቅ ነክራችሁ ነጠብጣቡ ላይ አሹ፣ 10 ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁ። አሲዱ የዝገቱን ብረት ያሟሟዋል። አለማለቅለቅ ግን ሌላ ጉዳት ነው። ሎሚም ቢሆን አያድርበት።

የብረት ሱፍ የሚባለውን፣ ከተራ ብረት የተሠራውን ጸጉር መሰል መፈግፈጊያ፣ አትጠቀሙ። ብናኙ በስቴንለሱ ላይ ይቀርና እሱ ራሱ ይዝጋል። ዕቃው ዛገ ትላላችሁ፤ የዛገው ግን መፈግፈጊያው ነው።

በረኪናውስ? ለፍርግርጉ አያስፈልገውም። ይህ ነው የእኔ ስሕተት ትልቁ። እንደ ሳልሞኔላና ኢ.ኮላይ ያሉት፣ ከጥሬ ሥጋ ጋር የሚመጡ ጀርሞች፣ 70 ዲግሪ በደረሰ ሙቀት ይሞታሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ምግብ እስከዚያ ድረስ ይብሰል የሚለው ለዚህ ነው። ከሰል ላይ የዋለ ፍርግርግ ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሙቀት አግኝቷል። ይልቅ የሚያሰጋው ትሪው ነው። ጥሬው ሥጋ በቀረበበት ትሪ ላይ የበሰለውን መልሶ ማውጣት፣ ጥሬውን ባነሣንበት መቆንጠጫ የበሰለውን ለእንግዳ ማቅረብ፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለት ትሪ፣ ሁለት መቆንጠጫ ያዙ። አንድ ብቻ ካለ በመሐል በሳሙና ታጥቦ ይመለስ።

ደግሞም ከሁሉ በላይ፣ በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር በአንድ ሳፋ አትቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ የአስም ሕመምተኛ ባለበት ቤትማ ሆስፒታል ያስገባል። «አንዱ ካጸዳ ሁለቱ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚለው ሐሳብ በዚህ ላይ አይሠራም።

የሽቦው ብሩሽ

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የሽቦ ብሩሽ በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ሲያረጅ ግን ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። የተነቀለችው ሽቦ ከሞራው ጋር ፍርግርጉ ላይ ትለጠፋለች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሥጋው ላይ ትጣበቃለች፣ ከሥጋው ጋር ትዋጣለች። እንደ ጸጉር ቀጭን፣ እንደ መርፌ ሹል ናት።

ማስፈራሪያ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ባወጣው ዘገባ፣ ፕሮቪደንስ በምትባል ከተማ ከመጋቢት 2011 እስከ ሰኔ 2012 ባለው ጊዜ ብቻ ስድስት ሰዎች የግሪል ብሩሽ ሽቦ ውጠው መታከማቸውን ጽፏል። ገሚሶቹ ሲውጡ የሚያማቸው ነበሩ፤ አንጀታቸው ተበስቶ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸውም ነበሩ። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2002 እስከ 2014 ድረስ በዚያች አገር በዚሁ ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የተደረጉትን ጉብኝቶች ወደ 1,700 ገምተዋቸዋል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኛን ብሩሽ አነሣሁና ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ አደረግሁት። ሁለት ሽቦ ወደቀ። አንዱን ያለ መነጽር አላየሁትም። እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩት። ከዚያ በኋላ ብሩሹን ምን እንደምታደርጉት እኔ መንገር አያስፈልገኝም። የማትጥሉት ከሆነ ግን ቢያንስ ሁልጊዜ ሥጋ ከመጫኑ በፊት ፍርግርጉን በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ከላይም ከሥርም ጥረጉትና ጨርቁን በብርሃን እዩት።

ሥጋ እየበላ ሳለ አንድ ሰው ጉሮሮውን የወጋው እንደሆነስ? በየቤታችን የታወቀው መድኃኒት እንጀራ ጠቅልሎ ማጉረስ፣ ደረቅ ዳቦ ወይም ሙዝ ማስዋጥ ነው። አታድርጉት። ሽቦዋን ይበልጥ ወደ ሥጋው ትተክሏታላችሁ ወይም ወደ አንጀት ትሰዷታላችሁ። ጣት ከትቶ ማስመለስም አይገባም። ሰውዬው ምንም ሳይበላ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ደግሞ «አጥንት ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ አትለፉ፤ «ግሪሉ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል» ብላችሁ ንገሩ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሐኪሙን ወደ ራጅ ወይም ወደ ሲቲ ስካን ትመራዋለች። ሕመሙ በዕለቱ ሳይሆን ከቀናት በኋላ በሆድ ቁርጠት መልክ ሊመጣም ይችላል። ያን ጊዜም የበላችሁትን አስታውሱ።

ለ55 ቀን ሲቀመጥ

የቅበላው እሑድ ማታ ሥራው እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ከሰሉ። የጠፋ የሚመስል ከሰል በአመድ ውስጥ ተሸፍኖ እስከ ማግስቱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አመዱን በዚያው ማታ በላስቲክ ባልዲ ወይም በማዳበሪያ አትጥሉ። በማግስቱ፣ ፍጹም መብረዱን አረጋግጣችሁ በቆርቆሮ ዕቃ አውጡት። «ቤቱን ያሙቅልን» ወይም «ቡናውን እናፍላበት» ብላችሁ የተረፈውን ፍም ወደ ዝግ ክፍል አታስገቡ። ከሰል ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል።

አመዱ ግን በግሪሉ ሆድ ውስጥም አይቆይ። አመድ ርጥበት ይስባል፤ ከርጥበቱ ጋር ሆኖ ብረት ይበላል። ብዙ ግሪል የሚሞተው ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ተበስቶ ነው።

ከዚያ ፍርግርጉን ከላይ እንዳልኩት እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ በጨርቅ አድርቁ። በጨርቅ ማድረቅ የምላችሁ በምክንያት ነው፤ በራሱ ይድረቅ ብላችሁ ብታቆሙት ውሃው በመገጣጠሚያው ላይ ይቀራል። ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ይዋል። ስቴንለስ ከሆነ ዘይት አያስፈልገውም፤ ዘይቱ በ55 ቀን ይሸታል፣ አቧራም ይስባል። የብየዳ ቤቱ ተራ ብረት ከሆነ ግን በሳሳው የምግብ ዘይት ይቀባ፤ ሲወጣም ታጥቦ በእሳት ይተኮስ። ለመጠቅለያ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ወይም ያረጀ ነጠላ ይበቃል። ላስቲክ አይሁን፤ ላስቲክ ርጥበቱን ከውስጥ ይይዘዋል። በክረምትም እንዲሁ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቤት ውስጥ ይግባ።

እንግዲህ የእኔ ፍርግርግ ምን ሆነ? ነጠብጣቡን በሎሚ አስለቀቅሁት፤ ጉድጓዶቹ ግን አይድኑም። ዛሬም ይጠብስልናል። ሥጋ በጉድጓዶቹ ላይ ትንሽ ይይዛል፤ በያዘ ቁጥር ጥፋቴን ያስታውሰኛል። የልጄን ባል በስልክ «መርካቶ እንዳትሄድ፣ ሻጩ አላታለለህም፤ በረኪናዬ ነው» አልኩት። ሳቀና «እማማ፣ እርስዎ ነርስ አይደሉ እንዴ?» አለኝ። ነርስ መሆኔ ነው እኮ ያሳፈረኝ።

ልጅቱ ግን ከበደችኝ። ታናሽን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ዕድሜ አልተለመደም። በዚያው ጠዋት ጀበናውን ስታቀራርብ፣ «ልጄ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያልሽው እውነት ነበር፤ እኔ ደግሞ በከንቱ ተቆጣሁሽ። ይቅር በይኝ» አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። «ግድ የለም እትዬ» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ያኔ በረኪናው ሲሸተኝ ልነግርዎት ፈልጌ ነበር» አለችኝ። ለምን እንዳልነገረችኝ አልጠየቅኋትም፤ ከእኔ የተሻለ መልሱን የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ግሪሉ ሲታጠብ ሰዓት የምትይዘው እሷ ናት፤ ስታዘኝም እታዘዛለሁ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ። ለምትጾሙ መልካም ጾም፣ ለማትጾሙም መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።